ትንሽ ቆርጦ ብዙ ያስከፈለኝ ሰውዬ (ግቢያችሁ ያረጀ ዛፍ ላላችሁ የድሬ ሰዎች)

አቦ ከዚራ ያላችሁ በተለይ ይሄን አንብቡልኝ። ሰሞኑን ዛፍ የሚከረክም ሰው አስመጥቼ ነበርና ስለ ስራው ልጻፍላችሁ፣ ባጭሩ ጎበዝ ነው፣ ውድ ነው፣ አመለኛ ነው።

የኛ ግቢ ያለው ያ ቀይ አበባ የሚያወጣው ነው፣ ሌላው አገር "የድሬዳዋ ዛፍ" የሚለው (ትውልዱ እንኳን ማዳጋስካር ነው፣ ስሙን ግን እኛ ወስደነዋል)። አያቴ ምድር ባቡር ሲሰራ የተከለው ነው፣ እናቴ ከኔ እኩል ነው የምትወደው፣ እንደውም እሱን ሳታስበልጥ አትቀርም። ችግሩ አረጀ። ይሄ ዛፍ ደግሞ ጥላው ሰፊ ነው እንጂ እንጨቱ ተሰባሪ ነው፣ ስሩም ወደ ታች ከመውረድ ወደ ጎን ነው የሚሄደው፣ አጥራችንን ሁለት ቦታ ሰንጥቆታል።

በ2014 ሌሎች ልጆች አስመጥተን ነበር፣ ማን እንደሆኑ ይቅር። በ3 ሺህ ብር ግማሽ ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አናቱን ላጩት፣ የቀረው ጉቶ ጉቶ ብቻ ነው፣ ቁስሉን ደግሞ "መድኃኒት ነው" ብለው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀቡት፣ እኛም መርቀን ሸኘናቸው። ከዛ ከየተቆረጠው ቦታ እንደ ጃርት እሾህ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ፈነዳ፣ እናቴ "አየህ አገገመ" ትላለች፣ እኔም ደስ ብሎኛል፣ ለካ እነዚህ ላይ ላዩን ነው የተያያዙት ውስጥ ድረስ አልገቡም፣ እየወፈሩ ሲመጡ ክብደታቸውን አይችሉም፣ አምና ሐምሌ ዝናብ ሊመጣ ሲል ያ አቧራውን የሚያስነሳው ንፋስ መጣና አንዱን ገንጥሎ የጎረቤት ኩሽና ቆርቆሮ ላይ ጣለው። ሰው አልነበረም፣ ተመስገን ነው። ቆርቆሮውን ከፈልን። ጎረቤታችን "በቃ ከስሩ ቁረጡት" አለች፣ እናቴ ሳምንት ሙሉ አኮረፈቻት።

ያሁኑን ሰውዬ የጠቆመኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። ማክሰኞ እመጣለሁ ብሎ ሐሙስ መጣ (አንድ ኮከብ የቀነስኩት በዚ ነው)፣ ግን ሲመጣ ጠዋት 12 ሰዓት ነው የመጣው፣ ሁለት ልጆች፣ ገመድ፣ መሰላል፣ የሞተር መጋዝ ይዞ። መጋዙን ግን አላስነሳም። አንድ ሰዓት ሙሉ ዛፉን ሲዞረው ነበር፣ ግንዱን በመዶሻ እጀታ ቆርቆር እያደረገ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ሲያገኝ በኖራ ምልክት ያደርጋል፣ ምስጥ የሰራውን የጭቃ መንገድ ይፍቃል፣ ቅርንጫፉን በጥፍሩ ቧጨር አድርጎ ከቅርፊቱ ስር አረንጓዴ ከሆነ ይተወዋል፣ ደረቅ ከሆነ ለልጁ ያሳየዋል። እኔ ብር ለማስጨመር ነው ብዬ ነበር እውነቱን ለመናገር።

እናቴ ፈጢራና ሻይ ይዛ ወጥታ "ወንድሜ፣ አናቱን ዝቅ አድርግልኝ፣ ፈርቻለሁ" ስትለው "እትዬ፣ ያስፈራዎት እኮ ያኔ ዝቅ የተደረገው ነው" አላት። ከዛ በኋላ እሱ ያለው ሁሉ ልክ ሆነ።

አቆራረጡን ቪዲዮ ባለመቅረጼ ቆጨኝ። ወፍራም ቅርንጫፍ ሲሆን ባንዴ አይቆርጥም፣ መጀመሪያ ከግንዱ ራቅ ብሎ ከስር ወደ ላይ ትንሽ ይገዘግዛል፣ ቀጥሎ ከዚያ ቁርጥ ትንሽ ወደ ውጪ አልፎ ከላይ ይቆርጠዋል፣ እንጨቱ ሲወድቅ ቅርፊቱን ይዞ ግንዱን አይልጠውም ማለት ነው፣ የቀረችውን ጉቶ መጨረሻ ላይ ያነሳታል። እሷንም ግንዱ ጋ ልጥፍ አድርጎ አይደለም፣ ቅርንጫፉ የሚነሳበት ጋ አንገት የመሰለች እብጠት አለች አይደል፣ እሷን አይነካም፣ ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው በሷ ነው። ዘይት ልቀባ ስለው ሳቀብኝ፣ ቁስሉን ክፍት ተወው፣ ራሱ ይዘጋዋል አለ። ግንዱ ላይ ያለውን አንዱን ክፍት ጉድጓድ በሲሚንቶ እንዲደፍነው ጠይቄው ደግሞ ተቆጣ፣ እርጥበት ውስጥ ይዞ የባሰ ያበሰብሰዋል አለኝ።

ያው ደረቁን፣ እርስ በርሱ የተሻገረውንና ደካማ የሆኑትን አዲስ ቅርንጫፎች ቀነሳቸው እንጂ ቀኑን ሙሉ ሰርቶ ያወረደው ከዛፉ ሩቡን አይሞላም። በአንድ ጊዜ ከዛ በላይ ከነካው ያረጀ ዛፍ አይችልም አለ፣ ቅጠሉ ምግቡ ነው። መብራት መስመር አጠገብ ያለውን ደግሞ መብራት ኃይል መጥቶ ሳያጠፋ አልወጣም ብሎ እምቢ አለ፣ አሁንም እንደቆመ ነው። ስሩን ከአጥሩ ጋ ቁረጥልኝ ስለው "ስሩ ከተቆረጠ ንፋስ ሲመጣ የሚተኛው ሳሎናችሁ ላይ ነው" አለኝ፣ አጥሩን ነው ማንቀሳቀስ ያለባችሁ ብሎ።

ያናደደኝ ታይልሱ ነው። አምና ግቢውን እስከ ግንዱ ድረስ ታይልስ አስነጥፌ ነበር፣ ብዙ ብር ነው የወጣበት፣ ሰውዬው ግንዱን ዙሪያ አንድ ሜትር ተኩል አስፈንቅሎ ገለባ አለበሰው፣ ገለባው ግንዱን እንዳይነካ እያለ ከልጆቹ ጋ ሲጨቃጨቅ ነበር። ውሃም ግንዱ ላይ አታፍሱ፣ ጥላው የሚያልቅበት ዙሪያውን በሳምንት አንዴ በደንብ አጠጡ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አይሰራም አለ።

ዋጋ 9 ሺህ ብር። የተቆረጠውን እንጨት አላወጣልንም፣ ግቢ ውስጥ ክምር ብሎ ነበር፣ ደግነቱ ሰፈሩ ለማገዶ ወሰደው። ከ5 ሰዓት በኋላ ሙቀቱን ፈርተው እስከ 10 ተኝተዋል፣ እሱ ያው ድሬ ነው አልፈርድም። ክረምት ሲወጣ መጥቼ አየዋለሁ ብሏል፣ በነፃ።

4 ከ5። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ግን ጠዋት ደውሉ፣ ከ8 ሰዓት በኋላ አያነሳም፣ ለምን እንደሆነ የድሬ ልጅ አይጠይቅም።