የዲዛይነር ናሙና በጅማ፦ ክፍት ሸልፍ ይሻላል፣ መሳቢያ ወይስ የግድግዳ ሰሌዳ?

ጅማ ላይ የቤት ውስጥ ዲዛይን ቢሮ የሚከፍት ሰው ከጠረጴዛና ከኮምፒውተር ቀጥሎ የሚያስፈልገው የናሙና ማስቀመጫ ነው። ደንበኛ ሴራሚኩን መዳበስ፣ የመጋረጃውን ጨርቅ መስኮት ላይ ዘርግቶ ማየት ይፈልጋል። የስልክ ፎቶ ይህን አይተካም። ናሙናው ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ደግሞ ምትኩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ማስቀመጫውን አስቦ መግዛት ያዋጣል።

በብዛት የሚቀርቡት አማራጮች ሦስት ናቸው፦ ክፍት የብረት ሸልፍ ከሳጥን ጋር፣ ባለመሳቢያ የእንጨት ካቢኔት፣ እና ናሙና የሚለጠፍበት የግድግዳ ሰሌዳ። እኔ የምመዝናቸው በክብደትና በእርጥበት ነው። መልክ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ባለመሳቢያው ካቢኔት

መሳቢያ ያምራል። አቧራ አያስገባም፣ ቢሮውንም ጽዱ ያስመስለዋል። ጅማ ደግሞ በበርጩማዋና በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ ጎበዝ አናጺ አይቸግርም። ለዚህ ነው ብዙ ሰው መጀመሪያ እሱን የሚያሠራው።

ችግሩ ሲሞላ ነው። 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 10 በ10 የተቆረጠ ግራናይት ከግማሽ ኪሎ በላይ ይመዝናል። 20 በ20 ከሆነ 2 ኪሎ ያልፋል። አንድ መሳቢያ ውስጥ 40 ትንንሽ ቁራጭ ብትደረድሩ ከ21 ኪሎ በላይ ሆነ ማለት ነው። መሳቢያው የሚንሸራተትበት ጥሩ ባለኳስ ሀዲድ ብዙውን ጊዜ እስከ 45 ኪሎ እንዲሸከም ተደርጎ ይሠራል፤ ተራው ባለመንኮራኩር ግን ከዚያ በጣም ያንሳል። መሳቢያው ቀስ እያለ ይዘምማል፣ ከዚያ ይነክሳል።

ክረምት ሲገባ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ጅማ በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። እንጨት እርጥበት ሲስብ በወርዱ ያብጣል፤ በበጋ ልክክ ብሎ የገባ መሳቢያ በነሐሴ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ከእንጨት ፍርፋሪና ብናኝ ተጨምቀው የሚሠሩት ቺፕውድና ኤምዲኤፍ ይብሳሉ። ጠርዛቸው ውሃ ጠጥቶ አንዴ ካበጠ ቢደርቅም ወደ ነበረበት አይመለስም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። የተዘጋ ነገር ይረሳል። ዲዛይነሩ ውሎ አድሮ ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ናሙናዎች ብቻ ለደንበኛ ሁሉ ማሳየት ይጀምራል። መሳቢያ ለፎርማይካ ቁራጭ፣ ለቀለም ካርድና ለእጀታ ይሁን። ለእነሱ ከመሳቢያ የሚሻል የለም።

ክፍቱ የብረት ሸልፍ

የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ማንኛውም ብየዳ ቤት ይሠራዋል፣ አይነቃነቅም፣ ሥራው ሲሰፋ ሌላ ይቀጠልለታል። ግን ልኩን ነግራችሁ አሠሩት። ጥልቀቱ ከ40 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከበለጠ ናሙናው በሁለት ረድፍ ይደረደርና የኋላው አይታይም። የታችኛው መደብ ከወለሉ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ወለል ሲወለወል ውሃ እንዳይነካው። ከግድግዳውም አንድ መዳፍ ያህል ራቅ ይበል። በተለይ ዝናብ የሚመታው የብሎኬት ግድግዳ ከሆነ አየር ማለፊያ ከሌለ ከኋላ ይሻግታል። ብረቱም ጸረ ዝገት ሳይቀባ አትረከቡት።

ሳጥኖቹ ክዳን የሌላቸው ትንንሽ ፕላስቲኮች ቢሆኑ ጥሩ ነው። ሴራሚኩን አታነባብሩት። እንደ መጽሐፍ በጠርዙ አቁሙት፤ ያኔ በጣት እየገለበጡ መፈለግ ይቻላል፣ ገጹም አይጫጫርም። የሞላ ሳጥን ከ5 ኪሎ ባይበልጥ ይመረጣል፤ አንድ ሰው በአንድ እጁ አንስቶ ጠረጴዛ ላይ ያደርሰዋል። ድንጋይና ሴራሚክ ከወገብ በታች፣ ጂፕሰምና ቀላል እንጨት ከላይ። 60 በ60 ሙሉ ፖርሰሊን ወደ 8 ኪሎ ስለሚጠጋ ሸልፍ ላይ ባይወጣ ይሻላል። ሻጩን ቁረጥልኝ በሉት፣ ወይም የተሰበረውን ለምኑት።

ጉድለቱ አቧራ ነው። በበጋ በየሳምንቱ መጥረግ የግድ ይላል።

የግድግዳ ሰሌዳ

ለሴራሚክ መሸጫ ወይም ለፈርኒቸር ቤት እሰየው፤ ደንበኛው ገና ከበር ሳይገባ ያየዋል። ለዲዛይነር ግን አልመክረውም። የዲዛይነር ሥራ ወለሉን ከመጋረጃው፣ እንጨቱን ከቀለሙ ጎን አድርጎ ማየት ነው። የተለጠፈ ናሙና ከቦታው አይነሳም። መስኮት ጋ ወስዳችሁ በፀሐይ ብርሃን፣ ከዚያ በቢጫ አምፖል (ካርቶኑ ላይ 3000 ኬልቪን የሚል፣ የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ሥር ልታነጻጽሩት አትችሉም። ያው ግራጫ ሴራሚክ ደግሞ በሁለቱ ብርሃን ሌላ ሆኖ ነው የሚታየው።

ጨርቅ ለብቻው

ጨርቅና ቆዳ ከሦስቱም ውስጥ አይገቡም። ታጥፎ የቆየ ጨርቅ መስመር ያወጣል፣ በክረምት እጥፋቱ ላይ ይሻግታል። ቧንቧ ላይ በመቆንጠጫ ስቀሉት፤ አወራረዱም ያኔ ነው የሚታየው። ፀሐይ በቀጥታ አያግኘው፣ ይደበዝዛል። አንድ ነገር ልጨምር። ጅማ ላይ ቡና የማይፈላበት ቢሮ ማግኘት ይከብዳል፣ መፍላቱም ደስ ይላል። ግን ጨርቁ ከሚቆላበት ቦታ ይራቅ። የቡና ጭስና የዕጣን ሽታ ለቀናት አይለቀውም፤ ደንበኛ ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርገው ወደ አፍንጫው ማስጠጋት ነው።

የቱን ልግዛ?

ገና ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ከቤቷ የምትሠራ ልጅ አንድ ጠባብ ሸልፍና የምትሸከመው አንድ ሳጥን ይበቃታል፤ ካቢኔቱ ይቆይላት። ሁለት ሦስት ሠራተኛ ያለው ቢሮ ሁለት ሸልፍ፣ አንድ የጨርቅ መስቀያና አንድ ትንሽ ባለመሳቢያ ቢይዝ ጥሩ ነው። ፈርኒቸር የሚያመርት ሰው ሰሌዳውን ለዋንዛና ለሌሎች እንጨቶች ያውለው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ግማሹ ቫርኒሽ የተቀባ፣ ግማሹ ጥሬ ይሁን።

የትኛውንም ብትገዙ ከእያንዳንዱ ናሙና ጀርባ መለያ ይለጠፍ፦ ዓይነቱ፣ ውፍረቱ፣ የተገኘበት ሱቅ፣ ዋጋውና ዋጋው የተጠየቀበት ቀን። ጅማ የሚገኘውን በአረንጓዴ፣ ከአዲስ አበባ የሚታዘዘውን በቀይ ምልክት ለዩት። ደንበኛው ቀዩን ሲያነሳ የማጓጓዣውንና የሚጠብቀውን ጊዜ እዚያው ንገሩት። ሴራሚክ ከሆነ የምርት ዙሩንም ጻፉ፤ ያው ዓይነት በሌላ ዙር ሲመረት ቀለሙ ትንሽ ሊለይ ስለሚችል፣ ግዢው ሲቀርብ አዲስ ናሙና ጠይቁ።