«ሲለምድ ይተዋል» የተባለው የፍሬን ጩኸት

የ2017 ፋሲካን ከእናቴ ጋር ለመዋል ከሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መጥቼ አዲስ አበባ አምስት ሳምንት ቆየሁ። ከተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች ስለ አብዛኞቹ ብዙ የምለው የለኝም። ሲም ካርዱ ቶሎ ወጣልኝ፣ ቴሌብር ያለ ችግር ሠራልኝ፣ በራይድ የጠራኋቸው ሹፌሮች ሁሉ ጨዋዎች ነበሩ። በደንብ መጻፍ የምፈልገው ስለ ሁለት ጋራዦች ነው። አንደኛው የእህቴን ቪትዝ ፍሬን አስጩኾ ሰጠኝ፣ ሁለተኛው ዝም አሰኘልኝ።

እኔ ዋሽንግተን አካባቢ 14 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ፤ የራሴን መኪና የፍሬን ሸራ የምቀይረው ራሴ ነኝ። እዚህ ግን ክሪኩም ቁልፉም የለኝም፣ ሰፈር ውስጥ መንገድ ዳር ጎማ አውልቆ መቀመጥም አልፈለግኩም። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቄ ሳይ የፊቱ ሸራ ሦስት ሚሊ እንኳ አይሞላም። እናቴን ይዛ የምትዞር መኪና ናትና ነገ ዛሬ ማለት አልሆነልኝም።

ሸራውን የገዛሁት ከሶማሌ ተራ ነው። ለሸጠልኝ ልጅ ምስጋና አለኝ። ሦስት ዓይነት አውጥቶ ካርቶናቸውን ከፈተልኝና ርካሿን በእጁ ገፋ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይቺን አይውሰዱ፤ ቶሎ ትደርቅና ዲስኩን ትበላዋለች» አለኝ። ዲስክ ከጎማው ጋር የሚዞረው፣ ሸራው የሚይዘው ክብ ብረት ነው። መካከለኛውን በ3,400 ብር ወሰድኩ፤ እህቴ ባለፈው ከገዛችበት እጥፍ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ሸራዎቹና ከጀርባቸው የምትለጠፈዋ ስስ ላሜራ አሉ። ሸራው ጫፍና ጫፉ ላይ የሚንሸራተትባቸው ትንንሾቹ የብረት መያዣዎች ግን የሉም። ሻጩ ይህንንም አልደበቀኝም፤ «አሮጌዎቹን አስጸድተው ያስመልሷቸው» አለኝ። ቃሉን ለመጀመሪያው ጋራዥ በአፌ አስተላለፍኩ።

የዚያን ጋራዥ ስም አልጠራም። ግቢው ንጹሕ፣ ቡናው ጥሩ፣ ሠራተኞቹ ትሁት ናቸው። ሥራው 35 ደቂቃ ብቻ ፈጀ። መኪናዋ ወደተነሣችበት ቦታ ደንበኛ አያስገቡም፤ እኔም ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ኮምፕሬሰሩ አቧራውን ሲነፋ ድምፁን እሰማ ነበር። የሸራ ብናኝ በአየር አይነፋም። ለሳንባ መጥፎ ነው፣ አንዳንዱ ሸራ ውስጥም አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። ያኔ ተነሥቼ መናገር ነበረብኝ።

ሚያዝያ 21 የማርያም ዕለት እናቴን ይዤ እንጦጦ ማርያም ወጣሁ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 የነገሡባት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ቦታው ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። መውጣቱ ደህና ነበር። ስንወርድ፣ ገና ሽሮ ሜዳ ሳንደርስ፣ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከፊት ጎማ «ሲጥጥጥ» የሚል ቀጭን ድምፅ ይወጣ ጀመር። የሀበሻ ቀሚስ የሰቀሉት ባለ ሱቆች ወደ እኛ ዞሩ። እናቴ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ሳብ አድርጋ፣ «ልጄ፣ መኪናው አመመው እንዴ?» አለችኝ።

በማግስቱ ጋራዡ ተመለስኩ። መልሱ አጭር ነበር፦ «ጋሼ፣ አዲስ ሸራ ነው። ሲለምድ ይተዋል።»

ነገሩ ግማሽ እውነት አለው። አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪዋደድ ጊዜ ይፈልጋል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ትንሽ ቢያሰማ አያስደነግጥም። ማዋደድ ግን ሥራ ነው፤ በሥርዓቱ ፍሬን እየያዙ እየለቀቁ ቢሠራ ይሻላል። እነሱ ይህን አልሠሩትም፣ ለእኔም አልነገሩኝም። ስምንት ቀን ጠበቅኩ፤ ጩኸቱ ባሰበት።

ሁለተኛውን ጋራዥ የጠቆመኝ አንድ የራይድ ሹፌር ነው። ጎፋ አካባቢ የምትገኝ ጠባብ ግቢ ናት፤ መጠበቂያዋ በሩ ሥር ያለች አግዳሚ ናት፣ ጥላ የላትም፣ መጸዳጃ ቤቱም አይመከርም። መካኒኩ ከሠላሳ ዓመት የሚበልጥ አይመስለኝም። ቁልፍ ከማንሣቱ በፊት ጥያቄ ጀመረ። «ጋሼ፣ ጠዋት ሲነሡ ነው የሚጮኸው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ወደ ኋላ ሲሄዱስ? ቀስ ብለው ሲይዙ ነው ወይስ ጠበቅ ሲያደርጉ?» ከዚያ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አጠገቤ ተቀመጠና ሰፈሩን ሁለት ጊዜ አዞረኝ። በሕይወቴ ከከፈልኩባቸው የጋራዥ አገልግሎቶች ውስጥ ይህቺን ዙር የምትስተካከል የለችም።

ጎማው ሲወልቅ እኔንም ጠርቶ አሳየኝ። መያዣዎቹ የሉም፤ የመጀመሪያው ጋራዥ አሮጌዎቹን ጥሏቸው ሸራውን ባዶ ብረት ላይ አስቀምጦታል። ካሊፐሩ፣ ማለትም ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ብረት፣ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀዋል፤ አንደኛዋን በጣቱ ሲገፋት አልነቃነቅ አለች። ሸራውን ወደ ፀሐይ አዙሮ ሲያሳየኝ ፊቱ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ያልተዋደደ ሸራ ይዤ ያን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን ላይ ተንጠልጥዬ ስለወረድኩ ከሙቀቱ የተነሣ ለስልሷል። ማርሽ ዝቅ አድርጌ ሞተሩ እንዲይዘኝ ማድረግ ሲገባኝ ያንን አላደረግኩም።

ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ለማይገባው ሰው ማሲንቆን ማሰብ ይበቃዋል። ደጋኑ ጭራውን ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ሲያደርገው ነው ድምፅ የሚወጣው። ሸራውም ዲስኩን እንዲሁ ይይዝና ይለቃል፣ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ። መያዣው ከሌለና ፒኑ ከደረቀ ሸራው እንደ ልቡ ይንቀጠቀጣል፣ ዲስኩም አብሮት ይዘፍናል። መያዣዋ፣ ላሜራዋና ቅባቱ የተሠሩት ይህን መንቀጥቀጥ ለመያዝ ነው። ድምፁ እንደ ፉጨት ሳይሆን ብረት ብረትን ሲፍቅ ዓይነት ከሆነ ግን ሸራው አልቋል ማለት ነውና መኪናው አንድ ሜትር እንኳ መሄድ የለበትም።

መካኒኩ ከመደርደሪያው አንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አወረደ። ውስጡ ከተለያዩ መኪኖች የተሰበሰቡ፣ ታጥበው በሽቦ የታሰሩ መያዣዎች ሞልተዋል። ለቪትዝ የሚሆኑትን አራቱን መርጦ አወጣ። የሸራው መቀመጫ ላይ ያለውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ ፈቀፈቀው። ሸራውን ዝርግ ሴራሚክ ላይ በተነጠፈ ብርጭቆ ወረቀት ላይ አሸው፣ ማብለጭለጩ እስኪጠፋ ድረስ። ዲስኩን በካሊብሮ ለካና ጠርዙ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ውፍረት ጋር አስተያየው። «ለማስላጥ ቶርኖ ቤት መውሰድ አያስፈልግዎትም፤ ብርዎን ይያዙ» ብሎ ፊቱን ብቻ በብርጭቆ ወረቀት አሻከረው።

ቅባቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ግቢው ውስጥ ያለው ተራው ግራሶ ነው፤ እሱ ደግሞ የፒኖቹን ጎሚኒ ያሳብጠዋል፣ በፍሬን ሙቀትም ይቀልጣል። ሙቀት የሚችለውን የፍሬን ቅባት ልጅ ልኮ እስኪያስገዛ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ያለውን ቀብቶ ሊሸኘኝ ይችል ነበር፤ አላደረገውም። ፒኖቹን፣ የሸራውን ጆሮዎችና ጀርባ በስሱ ቀባ፤ ዲስኩን የሚነካው ፊት ላይ አንዲት ጠብታ እንዳትደርስ እጁን ሁለት ጊዜ ታጠበ። ጎማው ከገባ በኋላ መኪናውን ከማንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ ረገጠው። ይህን የሚረሳ መካኒክ አይቻለሁ፤ የመጀመሪያው መርገጫ ባዶ ወለል ድረስ ይወርዳል።

ማዋደዱን ለእሑድ ቀጠረኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ መንገዱ ጭር ባለበት፣ ቀለበት መንገድ ላይ ከ60 ኪሎ ሜትር ወደ 20 አሥር ጊዜ ያህል አቀዘቀዝን። ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አለመቆም። በየመሃሉ ትንሽ ማስኬድ፣ በመጨረሻም ፍሬን ሳይነኩ እስኪበርድ መንዳት። ለሁሉም ነገር፣ ቅባቱንና መያዣዎቹን ጨምሮ፣ 1,800 ብር በቴሌብር ከፈልኩ። ለእሑዱ አልቀበልም ብሎኝ ቁርስ ጋበዝኩት።

የመጀመሪያው ጋራዥ ገንዘቤን አልመለሰም፣ ስህተቱንም አላመነም። ከውጭ ለሚመጣ ሰው የምለው፣ የሥራውን ፍጥነት አይቶ አይደሰት። አሮጌዎቹን ዕቃዎች በፌስታል አድርጋችሁ ስጡኝ ይበል፤ መያዣዎቹ ምን እንደሆኑ ያኔ ይታወቃል። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ አገር ውስጥ ያሉት ቪትዞች ገና ብዙ ዓመት ማገልገል ይጠበቅባቸዋል።

ከመመለሴ በፊት እናቴን ይዤ እንደገና እንጦጦ ወጣሁ። ስንወርድ ማርሹን ዝቅ አደረግኩ፣ ሬዲዮውን አጠፋሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩ። ሽሮ ሜዳ ስንደርስ እናቴ ተኝታ ነበር።

መካኒኩን በሚቀጥለው ምን ላምጣልህ ስለው፣ «የፍሬን ቅባት፣ ጋሼ፤ እዚህ ፍለጋው ነው የሚያደክመን» አለኝ። አምስት ቱቦ ገዝቻለሁ፤ ነሐሴ ላይ የሚሄድ የአክስቴ ልጅ ሻንጣ ውስጥ ገብተዋል።