የአባይ መውጫ ልጆች፣ እግዜር ይስጣችሁ! (ጀልባ ለምትፈልጉም ጥቆማ አለኝ)

ሰላም የባሕር ዳር ሰዎች። ይህን ልጻፍ ልጻፍ እያልኩ ሰንብቻለሁ።

አባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል፣ ደንገሉ ዳር ዳር፣ ቅዳሜ ጠዋት ማዳበሪያ አንግበው የሚዞሩ ልጆች ሳታዩ አትቀሩም። ብዙ ሰው ፕላስቲክ ለቅመው የሚሸጡ ይመስሉታል። አይደሉም። ማንም አይከፍላቸውም። ተማሪ አለ፣ ባጃጅ ነጂ አለ፣ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር አሉ፣ አሳ አስጋሪዎችም አሉበት። ለወፉና ለጉማሬው የተረፈችውን ያቺን ረግረግ በራሳቸው ጊዜና በራሳቸው ጉልበት ይጠብቃሉ።

እኔ ያወቅኳቸው እንግዶች ከአዲስ አበባ መጥተውብኝ "ጉማሬ ካላየን አንመለስም" ሲሉኝ ነው። የያዝነው ጀልባ ነጂ ከእነዚሁ ልጆች አንዱ ሆኖ ተገኘ። መንገድ ላይ ድንገት ሞተሩን አጠፋና ወደ ደንገሉ መቅዘፍ ጀመረ። አንዲት ጥቁር ወፍ፣ እነዚያ ጠልቀው አሳ ከሚይዙት፣ የተጣለ መረብ ክንፏን ተብትቦ ይዟታል። ፎጣውን ጭንቅላቷ ላይ ጣል አደረገና ምንቃሯን በአንድ እጁ ያዘ፤ ከዚያ ከኪሱ ምን ቢያወጣ ጥሩ ነው? የጥፍር መቁረጫ! በእሱ ክሩን አንድ በአንድ፣ ላባዋን ሳይነካ ቆረጠላት። አውራ ጣቱን ነክሳ አድምታዋለች፣ እሱ ግን "አይዞሽ አይዞሽ" ነው የሚላት። ስትለቀቅ ጀልባው አፍንጫ ላይ ወጥታ ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ሞቀች፣ እኛን ከምንም ሳትቆጥር፣ ከዚያ ሄደች። እንግዶቼ ጉማሬውን ረስተውት ነበር።

መረቡ ከቀጭን ናይለን ክር የሚሠራው ነው። አይበሰብስም። ተቀዶ ከተጣለም በኋላ ባለቤት በሌለበት አሳውንም ወፉንም መያዙን አይተውም። ስለዚህ ልጆቹ ከሃይላንድ ፕላስቲኩ ይልቅ የሚያሳድዱት ይህንን ነው። መምህሩ ደግሞ ሥራቸው ሌላ ነው፤ ከብት ይዘው ከሚመጡ እረኞችና ደንገል ከሚያጭዱ ሰዎች ጋር ቁጭ ብለው ያወራሉ። አይቆጡም። ደንገሉ ሥሩ ካልተነቀለ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ለታንኳም ለአጥርም ይተርፋል፤ ሥሩ ከተነቀለ ግን ቀረሶ የሚባለው አሳ የሚራባበት፣ ጫጩቱ የሚደበቅበት፣ ከከተማ የሚወርደው ቆሻሻ የሚጣራበት ቦታ የለም ይሏቸዋል። ራሴ ሰምቻቸዋለሁ፣ አንድም ሰው ሲከራከራቸው አላየሁም።

በነገራችን ላይ ጣና በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ደስ ይላል። ግን ምዝገባው መረብ አያወጣም። ለእምቦጭ ጊዜ ስንት ቲሸርት ታትሞ ስንት ፎቶ እንደተነሣን ታስታውሳላችሁ (እኔም ቲሸርቱ አለኝ፣ ቤት እወለውልበታለሁ)፤ ያኔ የወጣው ሕዝብ ጥሩ ሠርቷል፣ አልክድም፣ ነገር ግን ካሜራው ከሄደ በኋላ በየሳምንቱ ጭቃ ውስጥ የሚገባ ሰው ማግኘት ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ልጆች ሰንደቅ እንኳ የላቸውም።

እንግዲህ ጥቆማዬ። ወፍ ወይም ጉማሬ ማየት የምትፈልጉ፣ ከወደቡ ተነሥታችሁ ወደ አባይ መውጫ ስትሄዱ ከእነሱ አንዱን ያዙ። ወፏን የፈታው የእኛ ጀልባ ነጂ ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ "መረብ የሚለቅመው ልጅ" ብላችሁ ጠይቁ፣ ጀልባ ነጂዎቹ ሁሉ ያሳዩዋችኋል። ዋጋ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ እኛን ቁርጥ ያለውን ነው የነገረን፣ ለወፏ ያባከነውን ጊዜም አልቆጠረብንም። ጠዋት በማለዳ ውጡ፤ ጉማሬ ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ ቀን ውኃ ውስጥ ነው የሚውለው፣ ፀሐይ ከበረታ አፍንጫና ጆሮ ብቻ ነው የምታዩት። ቀረብ በልልን ብላችሁ አትጨቅጭቁት፣ አይቀርብም፣ ልክም ነው። ከኅዳር በኋላ ከሆነ ከአውሮፓ በኩል የሚመጡትን ወፎች ጭምር ታያላችሁ።

አንድ ወቀሳ ግን አለችኝ፤ ስልክ አያነሡም! ቅዳሜ ይወጣሉ ወይስ አይወጡም የሚለውን ዓርብ ማታ ነው የምታውቁት። መምህሩን ካገኛችሁ ግን ነገሩ ቀላል ነው፣ እሳቸው ሁልጊዜ አሉ።

መርዳት የምትፈልጉ ገንዘብ አይቀበሉም፣ ሞክሬያለሁ። ጠንካራ የእጅ ጓንት፣ ባዶ ማዳበሪያና ቦቲ ጫማ ግን ደስ ብሏቸው ይወስዳሉ። ቦቲ ቁጥር 42 ያላችሁ ቅድሚያ ለመምህሩ፣ የሳቸው ግራው ተቀዷል።