እናቴን ላስተረጎመችልኝ ልጅ ምስጋና፣ ሜሪላንድ ላላችሁም ጥቆማ

እናቴ ደሴ ገበያ በርበሬ ሸጣ ነው ያሳደገችን። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። መርሳት ስታበዛብኝ ባለፈው ዓመት ሚያዝያ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። የማስታወስ ፈተና ሰጧት። አስተርጓሚዋ እኔው ነበርኩ።

ዓመቱ ስንት ነው? «2017»። ወቅቱስ? «በልግ»። ለወሎ ሰው ሁለቱም ልክ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን ተሰረዙ። ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነስሽ ቁጠሪ ስትባል እኔን እኔን ታያለች። ዓረፍተ ነገር ጻፊ ሲሏት ደግሞ እስክሪብቶውን እንደ ወስፌ ጨብጣ ቀረች። ከ30 14 አመጣች። መኪና ውስጥ «አዋረድኩሽ አይደል?» አለችኝ።

ሁለተኛው ክሊኒክ ሌላ ዓለም ነው። ሐኪሟ ሩዳስ በሚባል ፈተና ነው የመረመረቻት። አውስትራሊያ ውስጥ ተሠርቶ በፈረንጆቹ 2004 የወጣ ነው፤ የቋንቋና የትምህርት ልዩነት ውጤቱን እንዳያዛባ ታስቦበታል። አስተርጓሚዋ ገና ስትገባ እኔን ከእናቴ ጀርባ አስቀመጠችኝ። «እህቴ፣ ዛሬ አንቺ እንግዳ ነሽ» አለችኝ። (ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር።) እናቴ «የማን ልጅ ነሽ?» ብላ ጠይቃት ተጫወቱ። ከዚያ ሱቅ ሄደው የሚገዙትን እንድትይዝ ነገሯት፦ ሻይ፣ ዘይት፣ እንቁላል፣ ሳሙና። ይሄማ የእሷ ሥራ ነው!

መብራትም ዜብራም የሌለው፣ መኪና የበዛበት መንገድ እንዴት ይሻገራሉ ስትባል «እዚያ ምን ወሰደኝ? ልጄ ታሻግረኝ» አለች። አስተርጓሚዋ ሳትጨምር ሳትቀንስ እንዳለ አስተላለፈችው። እኔ ብሆን አሳምሬው ነበር። ሐኪሟ ስቃ «ብቻዎን ቢሆኑስ?» አለቻት። «ግራ ቀኝ አይቼ ነዋ!»

ከ30 25 አመጣች። በዚህ ፈተና የሚያሳስበው 22 እና ከዚያ በታች ነው። ሐኪሟ ግን በነጥብ ብቻ አልተወችውም፤ ደም አስመረመረቻት፣ ቫይታሚን ቢ12 አንሶ ተገኘ። መርፌ ጀምራለች። ፍጹም ድናለች አልልም፤ ከስድስት ወር በኋላ እንመለሳለን።

ወላጅ ያላችሁ፣ ቀጠሮ ስትይዙ ያኔውኑ «አማርኛ አስተርጓሚ፣ በአካል» በሉ። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የልጅቷን ስም እዚህ አልለጥፍም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እነግራችኋለሁ።

ስጦታ አልቀበልም ብላለች፤ የሙያዋ ደንብ ነው አሉ። እናቴ ግን በርበሬውን አዘጋጅታ ጨርሳለች።