ያገለገለ ዲፈረንሻል ሪሌ ልትገዙ ከሆነ ቀይ መብራት አይታችሁ ብር እንዳትከፍሉ

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪክ ላይ ለምትሰሩ። ይሄን የምጽፈው ተሸውጄ ነው።

ሁለቱን ግቢያችንን የሚያገናኝ የ15 ኪሎ ቮልት ኬብል አለን፣ ለሱ የላይን ዲፈረንሻል (87ኤል) ሪሌ፣ ማለትም ኬብሉ ሲበላሽ ብሬከሩ (መስመሩን የሚቆርጠው ማብሪያ ማጥፊያ) እንዲጥል የሚያዝ መሳሪያ፣ ጥንድ ፈልገን አዲሱ ወራት ይፈጃል ስንባል አንድ ደላላ ከውጭ የገባ ያገለገለ በግማሽ ዋጋ አለ ብሎ ወሰደን። ሻጩ እዛው ፊታችን ከረንት ኢንጀክት አደረገ (ለሙከራ ከረንት ሰጠው)፣ ስክሪኑ ትሪፕ (ጣል) ብሎ ጻፈ፣ ቀዩ መብራት ቦግ አለ፣ "ይኸው አንበሳ ነው" አለን፣ ከፈልን።

ነገሩ ለማያውቅ፦ በአንዱ ጫፍ የገባው ከረንት በሌላኛው መውጣት አለበት፣ ሁለቱ ሪሌዎች የለኩትን በፋይበር እየተላላኩ ያወዳድራሉ፣ ልዩነቱ ከተሞላው ገደብ ካለፈ ኬብሉ ላይ ችግር አለ ማለት ስለሆነ ሌላ ሪሌ ሳይጠብቁ ወዲያው ሁለቱንም ብሬከር ይጥላሉ። ገንዘቡን የምንከፍለው ለዚህ ፍጥነት ነው።

ግን ሪሌው መወሰኑና ብሬከሩ መጣሉ ለየቅል ነው። ሪሌው ሲወስን ከጀርባው ያለች ትንሽ ኮንታክት ትዘጋና የባትሪውን 110 ቮልት ዲሲ ወደ ትሪፕ ኮይሉ (ብሬከሩን ወደሚያስጥለው ጥምጥም) ትለቃለች። መብራቱን የሚያበራው ፕሮሰሰሩ ነው፣ ኮንታክቷ ትዘጋ አትዘጋ እሱ አያውቅም። ኮንታክቷ ደሞ ከረንት ለማስተላለፍ እንጂ ለመቁረጥ አቅም የላትም፣ ዲሲ ላይ አርክ ቶሎ አይጠፋማ፣ ስለዚ የኮይሉን ከረንት መቁረጥ ያለበት ብሬከሩ ሲጥል አብሮ የሚከፈተው የብሬከሩ ኦግዚለሪ ኮንታክት ነው። ብሬከሩ ከዘገየ ወይ ዋየሪንጉ ከተሳሳተ ግን እሷው ትቆርጥና ትቃጠላለች።

የኛ ጉድ የወጣው ኤክስካቫተር ኬብሉን የበጠሰው ቀን ነው። ሰብስቴሽን በኩል ያለው ሪሌ በ28 ሚሊሰከንድ ትሪፕ ብሏል፣ ሪከርዱ ላይ ቁልጭ ብሎ አለ፣ ብሬከሩ ግን ንቅንቅ አላለም። 0.9 ሰከንድ ቆይቶ ዋናው ኢንካመር (የመግቢያው ብሬከር) በኦቨርከረንት ጣለና ሁለቱም ግቢ ጨለመ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን ነው። በኋላ ሪሌውን ፈትተን ስናይ ኮንታክቷ ከሰል መስላለች፣ ኢንጀክት ስናደርግ መብራቱ ይበራል፣ መልቲሜትሩ ግን ዝም።

እውነት ለመናገር እኛም ጥፋት አለብን፣ ፕሮዳክሽን አናቆምም ብለው አንዱን ጫፍ ብቻ ነው እስከ ብሬከሩ ድረስ የሞከርነው፣ ያልሞከርነው ጫፍ ጉድ ሰራን። አረንጓዴው "ሄልዚ" መብራትም እኮ በርቶ ነበር፣ እሱ የውስጡን ኤሌክትሮኒክስ እንጂ የተቃጠለ ኮንታክት አያይም። የትሪፕ ሰርኪት ሱፐርቪዥንም (የትሪፕ መስመሩ መቆጣጠሪያ) ኮይሉንና ሽቦውን ነው የሚጠብቀው፣ ኮንታክቷን አይደለም።

ስለዚ የግድ ያገለገለ ከገዛችሁ ኢንጀክት ሲደረግ እያንዳንዱን የትሪፕ ኮንታክት በ110 ዲሲ አምፖል አብርታችሁ እዩ፣ የመልቲሜትር ጩኸት ብቻ አይበቃም፣ የከሰለ ኮንታክትም አንዳንዴ ይጮሃል። የሁለቱ ሞዴል ኮድና ፈርምዌር ይግጠም፣ የሲቲ (ከረንቱን ለሪሌው አሳንሶ የሚሰጠው ትራንስፎርመር) መግቢያው 1 አምፒር ነው ወይስ 5፣ ፋይበሩስ ሲንግል ሞድ ነው ወይስ መልቲ ሞድ፣ እሱንም ሳታዩ አትውጡ። ደረሰኙ ላይ ደሞ ሲሪያል ቁጥር ይጻፍ! የኛ ላይ "የኤሌክትሪክ ዕቃ 2 ፍሬ" ነው የሚለው፣ ልንከራከር ስንሄድ "ይሄ የኔ ዕቃ መሆኑን በምን አውቃለሁ" አለና አረፈው።

ብዙ ከለመንነው በኋላ የተበላሸውን "ላሰራላችሁ" ብሎ ወሰደ፣ አልመለሰም። ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ ሊገዛ ያሰበውን ሪሌ ፎቶ ላከልኝ፣ ጎኑ ላይ እኛው በማርከር የጻፍነው "ሀ" አለበት።