ሃይሉክስ ኤልኤን 106 ከአንድ ክረምት በኋላ፦ ሞተሩን ትታችሁ የፊት አክሰሉን እዩ

ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ ሃይሉክስ የሚያሻሽጥ ደላላ ሁሉ ሥራው አንድ ነው። ኮፈኑን ይከፍታል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ የዘይት መክደኛውን ፈትቶ «ና እጅህን አድርግበት፣ ንፋስ አለው?» ይላል። የለውም። ንፋስ የሞተር ማለቅ ምልክት ነው። የዚህ መኪና 3ኤል ሞተር በደህና ከተያዘ ዕድሜው ረጅም ነው፤ እዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም። ክርክሬ ከፊት ጎማዎቹ ጀርባ ባሉት ሁለት ክብ ብረቶች ላይ ነው። ስትገዙ ጎንበስ ብሎ እነሱን የሚያሳያችሁ ሰው የለም፤ ከገዛችሁ በኋላ ግን ሌላ ወሬ አይኖራችሁም።

መኪናዬ ኤልኤን 106 የሚባለው የቶዮታ ሃይሉክስ፣ ደብል ጋቢና ነው፤ 2,779 ሲሲ ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌለው፣ ከ1988 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ሲመረት ከነበረው ትውልድ። እዚህ አገር ያለው አብዛኛው በመሥሪያ ቤትና በፕሮጀክት ሲለፋ ኖሮ በጨረታ የወጣ ነው። ርካሽ የሚባልበት ጊዜ ግን አልፏል። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ማስገባትን አከበደው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ፤ አገር ውስጥ የቀረው አሮጌ ብረት ሁሉ ተወደደ። ስለዚህ ዛሬ በትንሽ ብር ፎርባይፎር መግዛት ማለት ላሜራው የተበላ፣ ወንበሩ የተቀደደ፣ ሻንሲው ግን ቀጥ ያለ መኪና ፈልጎ የተረፈውን ብር ከሥር ማፍሰስ ነው። ሊብሬው ላይ ያለውን ቁጥር ሳታመሳክሩ ቀብድ አትስጡ። የሻንሲ ቁጥሩ በቀኝ የፊት ጎማ በኩል፣ የሻንሲው ብረት ላይ ተመትቷል፤ ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ ጠርጋችሁ አንብቡት።

እዚያው ጎንበስ እንዳላችሁ መሪውን እስከ ጫፍ አስዙሩና ክቡን ብረት እዩት። መካኒኮች ናክል የሚሉት፣ ጎማውን ይዞ ከመሪው ጋር የሚታጠፈው ክፍል የሚዞረው በእሱ ላይ ነው። ላዩ ላይ ስስ ግራሶ ካለ ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም መኖር አለበት። ጥቁር ቀጭን ዘይት ወርዶ የጎማውን የውስጥ ጎን ካራሰ የውስጠኛው ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ሄዷል። ግራጫ ወይም ወተትማ ከሆነ ውሃ ገብቷል። ብረቱ ራሱ ዝገት በልቶት ጉድጓድ ጉድጓድ ከሠራ ደግሞ መኪናውን ተዉት፤ ክቡ ከአክሰሉ ቱቦ ጋር የተበየደ ስለሆነ ብቻውን ፈትቶ መቀየር የለም፣ አዲስ ሲል ብትገጥሙም ሻካራው ብረት ይበላዋል።

ደላላው «ግራሶ ነው፣ ምን ችግር አለው?» ይላችኋል። ችግሩ ይኸውላችሁ። የዲፈረንሻሉን 80/90 ዘይት ከናክሉ ግራሶ የሚለየው በሴሚያሴው (ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው ኃይል በሚወስደው ዘንግ) ዙሪያ ያለ አንድ ትንሽ ኦይል ሲል ነው። እሱ ሲለቅ ዘይቱ ወደ ውጪ ይሄድና ግራሶውን ያቀጥነዋል፤ ክቡ ውስጥ የሚቀረው ሾርባ ነው። ሾርባው የሲቪ ጆይንቱን (ጎማው ሲታጠፍም ኃይል የሚያስተላልፈውን መጋጠሚያ) ኳሶች አይዝም፣ ከላይና ከታች ያሉትን የናክል ኩሽኔታዎች ያደርቃቸዋል፣ ቀስ እያለም ወደ ጎማው ኩሽኔታና ወደ ፍሬኑ ይደርሳል። ዲፈረንሻሉ ደግሞ ዘይቱ እየጎደለበት ዝም ብሎ ይሠራል። ፍሬን ሸራ በዘይት ሲርስ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፤ ያኔ ጋራዥ ስትሄዱ ሸራ ይቀየርላችኋል፣ ሲሉን የሚያይ የለም።

የጣና ዳር መኪና ላይ ይህ ነገር ለምን እንደሚብስ ፎገራን በክረምት ያየ ይገባዋል። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ ከወረታ ወጣ ብሎ ያለው ሁሉ ውሃ ነው፤ ደንቢያም እንደዚያው። አስፓልት ላይ ሲመጣ የቆየ ዲፈረንሻል ሞቋል፤ ውስጡ ያለው አየር ሰፍቶ ከፊሉ በመተንፈሻው ወጥቷል። ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ የቀረው አየር ይኮማተርና ከውጪ መሳብ ይጀምራል። መተንፈሻው ክፍት ከሆነ አየር ይስባል። በዋልካ ጭቃ ከተደፈነ ግን የሚስበው በሲሎቹ በኩል ነው፣ የሚገባውም ውሃ ነው። ተመልሶ ሲሞቅ ደግሞ ግፊቱ ያንኑ ሲል ከውስጥ ወደ ውጪ ይገፋዋል። ስለዚህ ሲል ቀይሮ መተንፈሻውን ሳይነካ መኪናውን የሚመልስላችሁ ጋራዥ የሸጠላችሁ የአንድ በጋ ሰላም ነው።

መተንፈሻው አክሰሉ አናት ላይ ያለች ትንሽ ክዳን ናት። ፈትታችሁ በናፍጣ እጠቧት፣ በአየር ንፏት፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን በቦታዋ የቱቦ አፍ ገጥሞ፣ ዘይት የሚችል የነዳጅ ቱቦ እስከ ሞተሩ ክፍል ላይኛው ግድግዳ ድረስ መውሰድ ነው። ለመሪው መዞሪያና ለባሌስትራው መነሳት የሚሆን ልል ትርፍ ተዉለት፤ ጫፉን ወደ ታች አዙራችሁ ትንሽ የነዳጅ ማጣሪያ ግጠሙበት። የኋላውም እንዲሁ ይሠራ። ከመላው ጥገና በጣም ርካሹ ይህ ነው፤ የሚያስገርመው በጨረታ ከሚወጡት መኪናዎች ይህ ተሠርቶለት የሚገኝ አለመኖሩ ነው።

ወደ ዋናው ሥራ። ለሁለቱም ጎን የሚገዛው፦ 2 የውስጥ ኦይል ሲል፣ 2 ሙሉ የውጪ ማኅተም (ፌልቱ፣ ጎማውና ብረቱ አንድ ላይ)፣ 4 የናክል ኩሽኔታ፣ 4 የጎማ ኩሽኔታ፣ 2 የሃብ (ጎማው የሚታሰርበት ክፍል) ሲል፣ ጋስኬቶቹና የዳዶ መቆለፊያ ሮንዴላዎቹ፣ 2 ኪሎ ሞሊብዲነም ያለበት ግራሶ፣ ለዲፈረንሻሉ ከ2 ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ጂኤል 5 ዘይት። «ሲሉን ብቻ እንቀይረው፣ ኩሽኔታው ደህና ነው» የሚል መካኒክ ብር እያዳነላችሁ አይደለም፤ ለአንድ ሲል የሚፈታው ለሁሉም የሚፈታው ነው።

ሲፈታ የፍሬኑ ካሊፐር በሽቦ ይሰቀል፣ በጎማ ቱቦው አይንጠልጠል። ሃብ ላይ ያሉት 6 ዳዶዎች ሲወጡ ሥራቸው የተሰነጠቁ ሾጣጣ ሮንዴላዎች አሉ፤ በናስ ዘንግ መታ መታ ሲደረጉ ይለቃሉ፣ በካቻቢቴ ከተጎረጎሩ ይበላሻሉ። የኩሽኔታው ዳዶ 54 ቁጥር ቁልፍ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ግትር ሁኑ፦ ቁልፉ የሌለው ጋራዥ በመሮና በመዶሻ ነው የሚመታው፣ በመሮ የጠበቀ ዳዶ ደግሞ ልኩ አይታወቅም። ከናክሉ ላይና ታች የሚወጡትን ቀጫጭን የልክ ሮንዴላዎች የትኛው የላይ፣ የትኛው የታች፣ የትኛው የግራ እንደሆነ በወረቀት ጠቅልላችሁ ጻፉበት፤ ከተደባለቁ ናክሉ መሃሉን ይስታል፣ አዲሱም ሲል በአንድ ጎኑ ያልቃል።

ሲቪ ጆይንቱን አጥባችሁ እዩት። በፎርባይፎር መሪውን እስከ ጫፍ አዙራችሁ ዝግ ብላችሁ ስትሄዱ ቀጭ ቀጭ ይል ከነበረ የተበላው ወደ ፊት ሲነዳ ኳሶቹ የሚገፉት ጎን ነው። አዲስ ከመግዛት በፊት የግራውን ጆይንት ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛውሩት፤ ያልተበላው ጎን ሥራ ይጀምራል። ኳስ የሚሄድበት ቦይ ተሰንጥቆ ከሆነ ግን ይህ አይረዳም።

አሁን ብዙ ሰው ገና ጥገናው ሳይደርቅ መልሶ የሚያፈስበት ቦታ። ሴሚያሴው ላይ አሮጌው ሲል ሲታከክ የቆየበት ቀለበት የመሰለ ጭረት በጥፍር ሲነካ ይታወቃል። አዲሱ ሲል እዚያው ጭረት ላይ ካረፈ ያፈሳል። ስለዚህ ሲሉን ከድሮው ቦታ 2 ሚሊሜትር ያህል ፈቀቅ አድርጋችሁ አስገቡት፣ ከንፈሩ ያልተበላ ብረት ይያዝ። ሴሚያሴው ሲመለስ ደግሞ ክብደቱ በእጅ ተይዞ ቀጥ ብሎ ይግባ፤ ጥርሱ ሲሉ ላይ ከተጎተተ ከንፈሩን ይቀደዋል፣ ከውጪም አይታይም። ክቡን ሦስት አራተኛ በግራሶ ሙሉት፤ ለአንድ ጎን ግማሽ ኪሎ ገደማ ይወስዳል።

ልክ ለመውሰድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ዓሣ ነጋዴዎቹ ቆሮሶና አምባዛ የሚመዝኑበት የስፕሪንግ ሚዛን ይበቃል። የመሪው ዘንግ የሚታሰርበት ቀዳዳ ላይ አንጠልጥላችሁ ስትጎትቱ ናክሉ ከ3 እስከ 6 ኪሎ ባለው ውስጥ መዞር መጀመር አለበት፤ የውጪው ማኅተም ሳይታሰር ይለካ። የጎማው ኩሽኔታ ዳዶ በ60 ኒውተን ሜትር ይጠብቅ፣ ሃቡ ወዲያና ወዲህ ይዙር፣ ይፈታ፣ እንደገና ቀስ ተብሎ ይያዝ፤ ሚዛኑ የጎማ ቡሎን ላይ ከ2.8 እስከ 5.6 ኪሎ ሲያነብ ሁለተኛው ዳዶ ይቆልፈዋል። ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ የናክል ክንዶቹን ዳዶዎች መልሳችሁ አጥብቁ። ይህን አትዝለሉት፤ የመሪው ክንድ የተያዘው በእነሱ ነው፣ መላላትም ልማዳቸው ነው።

በሰዓት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ላይ መሪው የሚንቀጠቀጥ መኪና ገዝታችሁ ከሆነ፣ ባላንስ፣ ከዚያ አላይመንት፣ ከዚያ የመሪ አሞርዛተር እያሉ ያዞሯችኋል። አስቀድማችሁ የናክል ኩሽኔታዎቹን አስፈትሹ። «ግራሶ ጨምርበትና ንዳው» የሚለውን ምክር ደግሞ አትስሙ፤ ሾርባ ላይ ግራሶ ቢጨመር ሾርባው ይበዛል እንጂ ግራሶ አይሆንም። ሻጩን ዋስትና መጠየቅም የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ነው።

ስለ ሞተሩ ባጭሩ። የታይሚንግ ቺንጋውን ታሪክ የሚያውቅ ከሌለ ወዲያው ቀይሩ፤ ዕድሜው 100,000 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ቴርሞስታቱን «ለሙቀት ይሻላል» ብለው አውጥተው የጣሉት ከሆነ መልሱት፤ ቀዝቃዛ ሞተር ናፍጣ ይበላል፣ ሲሊንደሩንም ይበላል። ባሕር ዳር ከፍታ ላይ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚያቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሆነ የደከመ ክዳን ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ያስከፍላል። የዓባይን በረሃ ሲወጣ ቀርፋፋ ነው። ባዶውን ሲሄድ ባሌስትራው ይዘላል። ሌላ የሚያስወራ የለውም፤ ይነሳል፣ ይሄዳል።

«ታዲያ ለምን ላንድክሩዘር አትገዛም?» ለሚለኝ፦ የዚያው ዘመን 75ም ያው ክብ ብረት፣ ያው ሲል፣ ያው ሾርባ ነው ያለው፣ ዋጋው ግን ሌላ ነው። «ከ1997 እ.ኤ.አ. በኋላ ያለውን ሃይሉክስስ?» የብዙዎቹ የፊት እግር ግራና ቀኙ ለየብቻ የሚንቀሳቀስ ነው፤ ናክሉ ባያፈስ የሲቪ ጆይንቱ መሸፈኛ ጎማ ይቀደዳል፣ ቦል ጆይንቱ ያልቃል፣ ዋልካ ውስጥም እንደ አሮጌው አይሄድም። አሮጌውን አልሸጥም። ሻጮቹ ላይ ያለኝ ንዴት ግን እስካሁን አልበረደም፤ ክፍያው ላይ የፊት አክሰሉን ሙሉ ጥገና ሳታስቀንሱ እጅ አትምቱ።

ላሜራው ይጠብቅ። ጣና ጨው ስለሌለው ዝገቱ የሚመጣው ፓራፋንጎ ውስጥና ከካሶኑ ሥር ተጣብቆ እርጥበት ከሚይዘው ዋልካ ነው። ከክረምት ጉዞ በኋላ በውሃ ግፊት አስወጡት፣ የበሮቹን የታች የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ ክፈቱ። የተቃጠለ ዘይት ከሥር ማስረጨት አያዛልቅም፤ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣቸዋል። የተበላውን ቆርጦ ሳይበይድ ስቱኮ የሚለጥፍ ባቲላሜራ ቤት እንዳትገቡ፤ ብየዳው ይቅደም፣ ቀለሙ ለበጋ ይቆይ።