ለቴሲስ ዳታ የቱ ይሻላል? ኤስፒኤስኤስ፣ ጃሞቪ ወይስ አር

ሦስቱም ዳታ የምንተነትንባቸው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች ናቸው፤ አር ግን የሚሠራው ኮድ በመጻፍ ነው። በቋንቋ ትምህርት ማስተርስ የሚሠሩ ጓደኞቼ መጠይቃቸውን ሰብስበው ሲመለሱ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ክራክ ኤስፒኤስኤስ አለሽ?» የለኝም። ቢኖረኝም አልሰጥም። ክራክ የሚሉት ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ ኮፒ ነው።

መጀመሪያ ዋጋውን እናስላ። የኤስፒኤስኤስ መነሻ ክፍያ ለአንድ ሰው በወር 99 ዶላር አካባቢ ነው። ተጨማሪ ሞጁል ከፈለጋችሁ ለብቻው ይከፈልበታል። የተማሪ ቅናሽ አለ፤ እሱም ቢሆን በዶላር ነው፤ ጊዜውም ይቆጠራል። ቴሲስ ደግሞ በአማካሪ እርማት ሲመላለስ ስንት ወር እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ። ጃሞቪና አር ዜሮ ብር ናቸው። ኢንተርኔት የሚያስፈልጋችሁ ለማውረድ ብቻ ነው።

እኔም አንድ ጊዜ ክራኩን በፍላሽ በ200 ብር ገዝቼ ነበር። አብሮት ቫይረስ ገባ፤ ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት ሆኑ። ላፕቶፑን ፎርማት ለማስደረግ ሌላ 500 ብር ወጣ። እንደገና ጫንኩት። ዲፌንስ 9 ቀን ሲቀረው አልከፍትም አለ። ደግነቱ የዳታ ፋይሌን ጃሞቪ ከፈተልኝ። የውጤቱን ፋይል ግን አልቻለም፤ ሠንጠረዦቹን በሙሉ ከዜሮ ሠራሁ። ኤስፒኤስኤስ ላይ ያላችሁ፣ እባካችሁ ውጤታችሁን ዛሬውኑ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ቲ-ቴስት (የሁለት ቡድን አማካይ ማወዳደሪያ)፣ አኖቫ (ከሁለት በላይ ቡድኖች ሲሆኑ)፣ ክሮንባክ አልፋ (የመጠይቁ ጥያቄዎች እርስ በርስ መስማማታቸውን መለኪያ) ሦስቱም ሶፍትዌሮች ላይ አሉ። ልዩነቱ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። የሁለት ሴክሽን 60 ተማሪዎችን 40 ቃላት ጠየቃችሁ እንበል። ድምሩን ብቻ ወስዳችሁ ቲ-ቴስት ከሠራችሁ፣ አንዱ ቃል ከሌላው እንደሚከብድ ስሌቱ አያውቅም። ያገኛችሁት ልዩነት ለሌሎች ቃላትም ይሠራ እንደሆነ መናገር አትችሉም። ተማሪውንም ቃሉንም አንድ ላይ የሚይዘው ሚክስድ ሞዴል የሚባለው ስሌት ነው። አር ላይ ኤልኤምኢ4 የሚባለው ፓኬጅ (ተጨማሪ መሣሪያ) በአንድ መስመር ይጨርሰዋል። ጃሞቪ ላይ ጋምልጄ የሚባለውን ሞጁል ጭናችሁ በማውስ ትመርጣላችሁ። ኤስፒኤስኤስም ይሠራዋል፤ ሜኑው ግን ያደክማል።

የፊደላችን ነገርም አለ። በአማርኛ ድርሰት ላይ ያሉ ስህተቶችን መዝግቤ ሳስገባ ያ አሮጌ ክራክ ሁሉንም የጥያቄ ምልክት አደረገብኝ። አር በዊንዶውስ ላይ ከ2022ቱ ቨርዥን 4.2 ወዲህ ፊደልን ያለችግር ያነባል። ፋይሉን ዩቲኤፍ-8 (የግዕዝ ፊደልንም የሚይዝ የጽሑፍ ኮድ) ብላችሁ ማስቀመጥ ብቻ አትርሱ።

ለማስተርስ ጃሞቪን ያዙ። ፒኤችዲ የምታስቡ ወደ አር መሄዳችሁ አይቀርም። ጃሞቪ ላይ ሲንታክስ ሞድ የሚለውን ስታበሩ ከየሠንጠረዡ ጋር የአር ኮዱን ያሳያችኋል። እኔ አርን የጀመርኩት ያንን እየገለበጥኩ ነው።